እትዬ አስካለ እና ‘ኪፕ’ የምትባለው ቃል

እትዬ አስካለ መሞቷን የሰማሁት ሶዶ ገበያ ላይ ቃሪያ ስመርጥ ነው። ከበዴሳ እህል ጭኖ የመጣ ነጋዴ ለባለ ቃሪያዋ ወሬ ሲነግራት፣ ያቺ ባለ ጥላዋ፣ የፈረንጅ አፍ የምታስተምረው ሴትዮ ተቀበረች ሲል ጆሮዬ ጥልቅ አለ። እንባ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ የመጣው ሳል ነው። ባለ ቃሪያዋ ጉንፋን የያዘኝ መስሏት ዝንጅብል ልስጥሽ አለችኝ። ዝንጅብል የሚያድነው ሳል እንዳልሆነ ላስረዳት ብል ገበያው ይፈታ ነበር። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው፤ የሳሉም ነገር ቦታው ሲደርስ ይገባችኋል።

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልናገር። ስለ ሞተ ሰው ሲወራ ሟች ሁሉ ትሑት፣ ሟች ሁሉ ዝምተኛ ይሆናል። እትዬ አስካለ ትሑት አልነበረችም። ጉረኛ ነበረች። ሶዶ ውስጥ ከእሷ በፊት ጫማ አድርጋ የሄደች ሴት የለችም ትል ነበር፤ ውሸት ነው፣ የገዢው ሚስት ነበረች። ፀሐይ ሆነ ዝናብ ጥቁር ጥላዋን ዘርግታ በመንገዱ መሀል ለመሀል ትሄዳለች። በበቅሎ የሚሄድ ሹም ሲመጣባት እንኳ እሷ ዳር አትይዝም፤ ዳር የምትይዘው በቅሎዋ ናት። አንድ ጊዜ አንዱ ሹም ተቆጥቶ ይህች ደግሞ የማን ናት ብሎ ቢጠይቃት፣ "የራሴ" ብላው አለፈች። እኔ ያኔ ከኋላዋ የዳቦ ቅርጫት ይዤ ነበር፤ ዘልዬ ዳር ያዝኩ፣ እሷ ግን ጥላዋን እንኳ አላዘነበለችም።

ታሪኳን እሷ ራሷ እንደነገረችን ልንገራችሁ። የተወለደችው ወላይታ ነው። ገና ሕፃን ሳለች፣ አገሩ በጦርነት በተመታ ጊዜ፣ ከእናቷ ጓሮ ተወስዳ ሸዋ ገባች። ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ ቆይታ አዲስ አበባ ውስጥ ቆዳ ይነግድ የነበረ አንድ ሽማግሌ እንግሊዝ ማድ ቤት ደረሰች፤ እዚያው አደገች፣ እዚያው ጎለመሰች። አስካለ የሚለውን ስም ያወጣችላት አንዷ አሳዳሪዋ ናት። እናቷ ያወጣችላትን ስም አታስታውሰውም ነበር፤ ይህን ስትናገር ብቻ ድምፅዋ ዝቅ ይላል። ሽማግሌው ሲሞት፣ ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ ሣጥኗን አስጭና ወደ ሶዶ ተመለሰች። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የፈረንጆች ሐኪም ቤት ዳቦ ጋጋሪ ይፈልግ ስለነበር ብዙም ሳትቆይ ገባች።

ወላይትኛዋ ሰውን ሁሉ ያስቅ ነበር። ሕፃን ሆና ስለተወሰደች ቋንቋዋም ሕፃን እንደሆነ ቀርቷል። ያቺን የመሰለች ግዙፍ ሴት፣ ጥላ ዘርግታ፣ ገበያ መሀል ቆማ፣ ገና አፉን እንደሚፈታ ልጅ ራበኝ፣ ጎደሬ ስጪኝ እያለች ስትገበያይ ሻጮቹ ይሰበሰቡባት ነበር። ይስቃሉ፣ ግን ምርቃቱን አብዝተው ነው የሚሰጧት። ልጃቸው የተመለሰች ያህል ያዩዋት ነበር።

ሐኪም ቤቱ ግን ለሳቅ ብዙ ቦታ አልነበረውም። ከሐኪሙ ሌላ አንዲት ፈረንጅ ነርስ ነበረች፤ ሰው ሁሉ ሲስተር ይላታል። አስተርጓሚው አንድ ጨዋ ወጣት ነው። ምንም ክፋት የለበትም፤ ጥፋቱ ወንድ መሆኑ ብቻ ነው። አንዲት ሴት በስንት ጭንቅ ተሸክመው አምጥተዋት በሩ ላይ ስትደርስ፣ ወጣት ወንድ ምንሽን ያምሻል ሲላት ምን ትበል? "ራሴን" ትላለች። ማሕፀኗ ታሞ ራሴን፣ ጡቷ መግል ቋጥሮ ራሴን። እሱም አንገቱን ደፍቶ እንዳለችው ይተረጉማል፤ የራስ ምታት ኪኒን ይዛ ትመለሳለች። ሲስተሯ የዚህ አገር ሴቶች ሁሉ ለምን ራሳቸውን ያማቸዋል እያለች ሐኪሙን ትጠይቀው ነበር አሉ።

ከእነዚያ ባለ ራስ ምታቶች አንዷ የጎረቤታችን የባሎቴ ታናሽ እህት ነበረች። ከወለደች በኋላ ትኩሳት ያዛት፤ ራሴን ብላ ኪኒን ይዛ ተመለሰች፤ ሞተች። ለቅሶው በሐኪም ቤቱ ጓሮ በኩል ሲያልፍ እትዬ አስካለ ዳቦ እያወጣች ነበር። ጠይቃ ነገሩን ስትረዳ፣ ሽርጧን እንደታጠቀች ሐኪሙ ዘንድ ገብታ፣ ከእንግዲህ ለሴቶቹ የምተረጉመው እኔ ነኝ አለችው። ፈቀደላት። በማግስቱ አንዲት ሴት በር ተዘግቶላት ጉዷን ዘርዝራ ስታዋያት ግን እትዬ አስካለ አልገባትም። የትልቅ ሴት ሕመም በወላይትኛ ምን እንደሚባል አታውቅም፤ ያንን ሳትማር ነው የወሰዷት።

ያን ዕለት ዱቄት ላደርስ ሄጄ ምድጃው ፊት ተቀምጣ ስታለቅስ አገኘኋት።

"ቋንቋዬንም ወስደውብኛል" አለችኝ።

ዱቄቱን አውርጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እሷ ግን አፍንጫዋን በሽርጧ ጠርጋ ተነሣች። እንግዲህ እኔ ወላይትኛውን እስክማር ስንት ሴት ትሞታለች፣ ወላይትኛውን የሚያውቁትን እንግሊዝኛ ማስተማር ነው አለች። ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው።

ሐኪሙን ለምና፣ ለምና እንኳ አይባልም፣ ነዝንዛ፣ ከእህል ጎተራው ጎን ያለች አንዲት ባዶ ክፍል ተቀበለች። አምስት ሴቶች ሰበሰበች። አራቱ የወላይታ ልጆች ናቸው፤ አንዷ ያቺ እህቷ የሞተችባት ባሎቴ ናት። አምስተኛዋ እኔ፣ ከሰሜን የመጣ የጸሐፊ ልጅ፣ ወላይትኛን ከጎረቤት ልጆች ጋር አፈር ፈጭቼ ውሃ ተራጭቼ የተማርኩ። አባቴ የፈቀደልኝ ዳቦ መጋገር ትማራለች ብሎ ነው፤ እሱንም ተምሬያለሁ፣ አልዋሸሁም። በመጀመሪያው ቀን አንቱ ስንላት ተቆጣች። በእንግሊዝኛ አንቱም አንቺም የለም፣ ንጉሡም ሎሌውም ‘ዩ’ ነው፣ ከዚህ በር ወዲህ ያለነው እንግሊዝ አገር ነው አለችን። ባሎቴና ሌሎቹ አዬ ይሏት ነበር። አዬ በወላይትኛ እናት ማለት ነው፤ ሲጠሯት ፊቷ ወለል ይላል።

አስተማሪነቷ የማንንም አይመስልም። መጽሐፍ አልነበረንም፤ እሷም ፊደል አትቆጥርም። "ፈረንጅ ትልልቁን ቃል ለወረቀት ያስቀምጠዋል፤ ቤቱን የሚያስተዳድረው በትንንሹ ነው" ትለን ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ማድ ቤት ሆና የሰማችው እነዚያኑ ጥቂት ቃላት ሲገላበጡ ነው። ስለዚህ ብዙ ቃል አትለቃቅሙ፣ አንዱን ይዛችሁ እንደ እንሰት ጨርሱት ትላለች። እንሰት ሲቆረጥ ቅጠሉ መጠቅለያ፣ ቃጫው ገመድ፣ ውስጡ ቆጮ፣ ሥሩ አሚቾ ይሆናል፤ የሚጣል የለውም። ውሃን፣ ወተትን፣ ላምን፣ እግርና እጅን የመሳሰለውን በመንገዳችን ላይ ለቅመናል፤ እሷ ግን ይህን እንደ ትምህርት አትቆጥረውም፣ በጣት ለሚጠቆም ነገር መምህር አያሻም ባይ ናት። የመጀመሪያው እንሰታችን ‘ኪፕ’ የምትባለው ቃል ሆነች።

በአንድ ሰልፍ ታቆመናለች። ይህን የወሰደችው ከወላይታ ደቦ ነው፤ እነሱ ዳጓ ይሉታል። ጎረቤት ተሰብስቦ ማሳ ሲቆፍር ሁሉም ጎን ለጎን ይሰለፋል። ጉልበተኛው ብቻውን ወደፊት አይሮጥም፤ ሰልፉ የሚራመደው በደካማው እርምጃ ነው፤ አለዚያ ሳይቆፈር የሚቀር ቦታ ይኖራል። እኛም እንደዚያው ሆንን። የቃሏ አንዱ አገባብ ለአምስታችንም ካልገባ ወደ ሌላው አይኬድም።

‘ኪፕ ስቲል’ ስትል ዝንብ አፍንጫችን ላይ ቢያርፍ እንኳ ንቅንቅ የለም፤ እሷ ደግሞ ዝንቡ እንዲመጣ ማር ይዛ ትዞረናለች። ‘ኪፕ ክሊን’ በሚለው ክፍሉን ጠረግን፣ ግድግዳውን ለቀለቅን፤ ለትምህርት ይሁን ለጽዳት ያሠራችን እስካሁን አልለየሁትም። የበላውን የሚያስመልስ ሰው ምግቡን ‘ኪፕ ዳውን’ ማድረግ አቃተው ይባላል። ይህን ለማሳየት እትዬ አስካለ ያደረገችውን አልጽፈውም፤ ማናችንም ግን አልረሳነውም። ‘ኪፕ ኦን’ ማለት አትቁሙ፣ ቀጥሉ ማለት ነው፤ በዚያ ጭቃ እስከ ዳሞታ ተራራ ሥር አስሮጠችን፤ እሷ ጥላዋን ይዛ ከኋላ ኪፕ ኦን፣ ኪፕ ኦን እያለች። ቃል የገባ ሰው ቃሉን ኪፕ ያደርጋል፤ ምሥጢር የነገሩትም ምሥጢሩን። አማርኛው መያዝ፣ መጠበቅ፣ ማኖር፣ መቀጠል ብሎ በየቤቱ ያሳደረውን፣ ይህች አንዲት ቃል ብቻዋን ታስተዳድረዋለች።

የከብቱን አገባብ ግን ያመጡት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። እትዬ አስካለ ሽማግሌው እንግሊዝ ዶሮ ኪፕ ያደርግ ነበር ብላ ስትጀምር ባሎቴ አቋረጠቻት። በወላይታ ከብት የበዛለት ሰው ላሙን ለድሀ ጎረቤቱ የሚሰጥበት ደንብ አለ፤ ሃራ ይሉታል። ላሟ የባለቤቷ ናት። የሚያበላት፣ የሚያሳድራት፣ ወተቷንም ለልጆቹ የሚያጠጣው ግን ተቀባዩ ነው። በደንብ ካልያዛት ባለቤቱ መጥቶ ይነዳታል።

"ይሄ ተቀባዩ ሰው ላሟን ምን አደረገ ይባላል?" አለች ባሎቴ። "ላሟ የእሱ አይደለችም።"

እትዬ አስካለ ጣሪያ ጣሪያውን አይታ፣ አሰበች አሰበችና፣ "ኪፕ" አለች። ባሎቴ ለራሷ ደጋግማ አለችው። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ፊቷ ሲፈታ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ምክንያቱም ባሎቴ ከሰልፉ መጨረሻ የምትቆመው ነበረች። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ የተወለደችው ሁምቦ ነው፣ ሶዶ ያመጣት ትዳር ነው። ቃሉ አፏ ላይ አይውልላትም፤ ዛሬ የያዘችውን ነገ ትጥለዋለች። ሌሎቻችን ስንት ቀን የቆምነው እሷን ጥበቃ ነው። እኔ ወጣት ስለነበርኩ ቸኩያለሁ፤ አንድ ቀን እሷን ትተን እንለፍ ብዬ ለእትዬ አስካለ ሹክ አልኳት። ዝቅ ብላ አየችኝና፣ አረም የሚበቅለው ተዘሎ በታለፈው ቦታ ነው አለችኝ። ባሎቴም ሰምታ ኖሮ ወደ ቤት ስንሄድ፣ "ቃሉ አልገባ አለኝ እንጂ እኔ አልሄድም" አለችኝ። አልተቀየመችኝም። እህቷን ነበር የምታስበው።

አሁን ወደ ሳሉ ልምጣ። ሽማግሌው እንግሊዝ ትምባሆ የሚያበዛ ሰው ነበርና ትእዛዝ ከመስጠቱ በፊት ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ እኽ እኽ፣ በሩን ዝጊ፤ እኽ እኽ፣ ሻዩን አምጪ። እትዬ አስካለ ቋንቋውን በጆሮዋ ስትቀበል ሳሉንም አብራ ተቀበለችው። ለእሷ የቃሉ አካል ነው። እኛ ደግሞ ከእሷ ተቀበልን። አምስት ሴቶች ተሰልፈን "እኽ እኽ፣ ኪፕ ስቲል" ስንል ጎተራው የሚስል ይመስል ነበር። የከተማው ሰው ስም አወጣልን፤ ሳሎቹ መጡ፣ ሳሎቹ ሄዱ ይለናል። አባቴም ወሬው ደርሶት አንድ ማታ ራት ላይ ስንት ቃል ተማርሽ ብሎኝ አንድ ስለው፣ እናቴ ዳቦው ይሻልሻል ብላ እንጀራ ጨመረችልኝ።

ክረምቱ ወጥቶ ጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ሲቃረብ ሐኪሙ ክፍላችን መጣ። አዲሱ በቆሎ ሊገባ ነው፤ ጎተራው አይበቃምና ይህች ክፍል ትፈለጋለች አለ። ለመሆኑ ምን ያህል ቃል ተማሩ ብሎ ጠየቀ። እትዬ አስካለ ደረቷን ነፍታ "አንድ" አለችው። ሐኪሙ ደግ ሰው ነው፤ አልሳቀም፤ ዐይኑን ግን ለአፍታ ጨፈነ። አንድ ጧት ስጠን አለችው። ከአምስቱ አንዷ በሴቶቹ ክፍል ከሲስተር ጋር ትቁም። ወጣቱ አስተርጓሚ ሳይጠራ ጧቱ ካለፈ፣ ለሴቶቹ ሴት አስተርጓሚ ይቀጠር፣ ክፍሏም ለእኛ ትቅር። ከተጠራ እኛ ወደየቤታችን፣ በቆሎውም ወደ ክፍሏ። ሐኪሙ ተስማማ። የገባነው ውል የክፍል ብቻ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ካልሆነልን ሴቱ ሁሉ ራሴን እንዳለ ሊቀር ነው።

በቀጠሮው ጧት ሲስተሯ መጥታ ጎበዟ የትኛዋ ናት አለች። ሌሎቹ እኔን አዩኝ። እኔም ምን ልደብቅ፣ አንድ እርምጃ ወጣሁ። እትዬ አስካለ በጥላዋ ጫፍ ወደ ሰልፉ መለሰችኝና፣ ሁሉም እኩል ናቸው፣ ደስ ያለሽን ውሰጂ አለቻት። ሲስተሯ ተዘጋጅታ የተቀመጠች አንዲት እንዳለች ሳትጠረጥር አልቀረችም፤ ዐይኗን ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው አዙራ መጨረሻ ላይ የቆመችውን ባሎቴን መረጠች። እትዬ አስካለን አየኋት። ጥላዋን አንቃ ይዛዋለች፤ አንገቷን ግን እሷው የመረጠቻት ያህል ነቀነቀች።

ሲስተሯ ባሎቴን አንድ ሁለት ነገር ጠየቀቻት። ባሎቴ "እኽ እኽ" ብላ ጀመረች። ሲስተሯ ፊቷን ቋጠረች። ሌላ ጠየቀቻት፤ ባሎቴ አሁንም ሳለች። ሲስተሯ መስሚያዋን ከአንገቷ አውርዳ ደረቷን አዳመጠች፣ ጀርባዋን አዳመጠች፤ ሳንባዋ የታመመ ሴት በሽተኞች ዘንድ አትቆምም አለች። ባሎቴ አጠገብ ያለችው ልትረዳት ብላ "እኽ እኽ፣ ሺ ኪፕ ዌል" ስትል፣ ሁላችንም ባሎቴ ጤነኛ መሆኗን ለማስረዳት እየተሻማን ሳልን። ሲስተሯ ወረርሽኝ የገባ መስሏት በሩንም መስኮቱንም በረገደችው።

እትዬ አስካለ ስታፍር ያየኋት በዚያን ቀን ብቻ ነው። ሲስተሯን ወደ ጥግ ወስዳ ስለ ሽማግሌውና ስለ ትምባሆው ነገረቻት። ሲስተሯ ግድግዳ ተደግፋ እስክትታጠፍ ሳቀች። ሲበቃት ዐይኗን ጠርጋ፣ ባሎቴን በትከሻዋ ይዛት ወደ ሴቶቹ ክፍል ገባች። እኛን ማን ይከልክለን፤ ሄደን መስኮቱ ሥር ተኮለኮልን።

ጧቱ በደህና ጀመረ። አንዲት አሮጊት ቁስላቸው ሲታጠብ ባሎቴ ኪፕ ስቲሉን አስረዳቻቸው፤ አልተንቀሳቀሱም። ለአንዲት ነፍሰ ጡር ምግቡ ይረጋላት እንደሆነ ተጠየቀ፤ ባሎቴ ያቺን እኔ የማልጽፋትን ትምህርት አልረሳቻትም። ሲስተሯ መሳቅ ጀምራለች። እኔም ልቤ ወደ ቦታው እየተመለሰ ነበር።

ሊረፍድ ሲል ከሁምቦ በቃሬዛ አንዲት እናት አመጡ። ሕፃኗን ሌላ ሴት አዝላዋለች። እንደ ወጉ "ራሴን" አለች። ባሎቴ አጠገቧ ተቀመጠችና፣ የእኔም እህት ራሴን ብላ ሞታለች፣ እዚህ ያለነው ሴቶች ብቻ ነን አለቻት። ሴትየዋ ነጠላዋን ገለጠች። ጡቷ አብጦ፣ ቆዳው ሊፈነዳ ደርሷል። ሲስተሯ እንዳየችው በምልክትም በቃልም ተናገረች፤ መበጣት አለበት፣ እዚሁ ትተኛለች። ሴትየዋ መተኛት የሚለውን ከባሎቴ ስትሰማ ከቃሬዛው ልትወርድ ተፍጨረጨረች። አልተኛም፣ ላም አለብኝ አለች። ሕፃኑን ያዘለችው ሴት አባበለቻት፣ ተቆጣቻት፤ እምቢ አለች።

ባሎቴ "ካው" አለቻት ለሲስተሯ። ሲስተሯ አልገባትም። ላም ያላት ሴት ከሆነች ጎረቤት አይታይላትም ወይ፣ ለአንድ ላም ብላ ትሞታለች ወይ የሚል ፊት አሳየች። ሴትየዋ አንድ እግሯን መሬት አድርሳለች። ሲስተሯ ትዕግሥቷ አልቆ ወደ በሩ ሄደች፤ ወጣቱን ልትጠራው ነው። እትዬ አስካለ ጥላዋን ዘግታ ተመረኮዘችው።

ባሎቴ ተነሥታ የሲስተሯን እጅጌ ያዘች። በዚያን ጊዜ የፈረንጅ እጅጌ መያዝ የሚታሰብ አልነበረም። ሳለች፤ ከዚያ ቀስ ብላ ተናገረች።

"ሲስተር፣ ካው ኖት ኸር ካው። ማን ጊቭ፣ ሺ ኪፕ። ሺ ኖት ኪፕ፣ ማን ካም፣ ካው ጎ። ቺልድረን ኖ ሚልክ።"

ላሟ የእሷ አይደለችም፤ ሰው ሰጥቷት እሷ ትይዛታለች፤ ካልያዘቻት ባለቤቱ መጥቶ ይነዳታል፤ ልጆቿ ወተት ያጣሉ ማለቷ ነው። ሲስተሯ እጇን ከበሩ ላይ አወረደች። ገባት። እስከዚያን ቀን አንተኛም ብለው ከእጇ የወጡት ሴቶች ሁሉ ምን ሲሏት እንደነበር ያን ጊዜ ሳይገባት አልቀረም፤ ፊቷ ተለዋወጠ።

ባሎቴ ግን አልጨረሰችም። የላሟን ባለቤት ስም ጠየቀች፤ ያገሯ ሰው ነው፣ ታውቀዋለች። ከዚያ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ሲስተሯን ቀጥ ብላ አየቻት።

"አይ ኪፕ ካው" አለች። "ዩ ኪፕ ኸር።"

ላሟን እኔ ልያዝ፣ ሴትየዋን አንቺ ያዥ። ሲስተሯ ተመልሳ ጎንበስ አለችና የሴትየዋን ትራስ አስተካከለች፤ ከዚያ ቀና ብላ እሷም ቃሏን ሰጠች፤ እጠብቃታለሁ አለች። ባሎቴ ይህን በወላይትኛ ስትነግራት ሴትየዋ እግሯን ወደ ቃሬዛው መለሰች። ሕፃኔን አቅርቡልኝ አለች። ወጣቱ አስተርጓሚ ሳይጠራ ጧቱ አለፈ።

እኛ መስኮቱ ሥር የነበርነው እልልታውን ለቀቅነው። የታመመ ሰው ያለበት ነው ቢባል ማን ሰምቶ። ሐኪሙ ሰው የሞተ መስሎት ከወንዶቹ ክፍል እየሮጠ መጣ። እትዬ አስካለ ጥላዋን ዘርግታ፣ መንገዱ መሀል ቆማ ጠበቀችው።

"በአንድ ቃል" አለችው።

ሐኪሙ ሲስተሯን ጠየቃት፤ ሲስተሯም ነገረችው። እዚያው ቆሞ ለባሎቴ ሥራውን ሰጣት፤ በቆሎውም ሌላ ማደሪያ ተፈለገለት። ባሎቴ በዚያኑ ዕለት ሁምቦ ወርዳ የላሟን ባለቤት አነጋገረችው፤ ሴትየዋ ድና በእግሯ እስክትመለስ ላሟን የራሷ የባሎቴ ወንድም ሚስት እንድትይዝላት አደረገች። ሴትየዋም ዳነች። እኔ ስንት ጎበዝ ነኝ ስል የኖርኩት፣ በዚያ ቦታ ብቆም ላም አላት ብዬ ብቻ እንደምቀር አውቃለሁ። ደስታዬ ግን ምንም አልጎደለበትም፤ የራሴ ያህል ደስ አለኝ።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ አገር አዳረሰ። በቀጣዩ የገበያ ቀን የሐኪም ቤቱ ደጅ ሴት በሴት ሆነ። ከበዴሳ የመጡ አሉ፣ ከሁምቦ የመጡ አሉ፤ ለዓመታት ሸሽገው የኖሩትን ሕመም ይዘው የመጡ አሉ። ባሎቴ ነጭ ሽርጥ ታጥቃ ገባ ወጣ ትላለች። ሲስተሯ ራስ ምታት የሚባል በሽታ ከወላይታ በአንድ ሳምንት ጠፋ እያለች ትቀልዳለች። እትዬ አስካለ ምድጃዋን ትታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አሁን ጉራዋን ልትነዛው ነው ብዬ ተጠጋኋት። እያለቀሰች ነው፤ እንባዋንም አልጠረገችው።

ምነው እትዬ አልኳት። ደስ ብሎኝ ነው አለችኝ። እኔን ሲወስዱኝ የሚያመኝን የምነግረው ሰው አልነበረም አለች።

ይህን ጊዜ አንዲት በትር የያዙ አሮጊት ከሰልፉ ወጥተው ወደ በሩ መጡና ቆሙ። ወደ ውስጥ አጮልቀው አዩ፤ ወደ ኋላ ደግሞ አንድ እርምጃ ተመለሱ። እትዬ አስካለን በወላይትኛ፣ በሹክሹክታ፣ እውነት እዚያ ውስጥ የምትሰማው ሴት ናት ወይ ብለው ጠየቋት።

እትዬ አስካለ እጃቸውን ይዛ ደፉን አሻገረቻቸው።

"ግቢ፣ አዬ" አለቻቸው። "ግቢና ሁሉንም ንገሪያት።"